ከጀርመን ጽሑፍ ተልኮልኝ ነው፦ ለልብ የሚሆን የአርኤንኤ የደም ምርመራ አዲስ አበባ አለ?

ሰባ ደረጃ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ፣ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

አባታችንን ጋሼ ነው የምንለው። 64 ዓመቱ ነው፣ ከማተሚያ ቤት ጡረታ ወጥቷል፣ የፒያሳን ሰባ ደረጃ በቀን ሁለቴ የሚወጣ የሚወርድ ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ደረቱን ከበደው። "ሰው የቆመብኝ ነው የሚመስለው" አለ፣ ወዲያው ደግሞ "ጨጓራዬ ነው" ብሎ ራሱ መለሰ። እናቴ ተልባ በጠበጠችለት። ብርጭቆውን ሳያጋምስ ጋቢው በላብ ራሰ፤ ያኔ ነው የደነገጥነው። ራይድ ጠርተን መሀል ከተማ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድነው (ስሙን አልጠራም፣ አትጠይቁኝ)። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ፣ "ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም" ተባልን። ደም ተወሰደ፣ ትሮፖኒን የሚባለው፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚታየው ፕሮቲን፣ "ኔጌቲቭ ነው" ተባለ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘለትና እኩለ ሌሊት ላይ ቤታችን ገባን።

ጠዋት ተመልሶ ያዘው። ሌላ ቦታ ስንወስደው ትሮፖኒኑ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሃርት አታክ ነው ተባለ፣ በማግስቱ ስቴንት (የተዘጋውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ገባለት። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። የሚያማርረው ደረጃ አትውጣ በመባሉ ብቻ ነው።

ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ይሄን ስትሰማ አላስቀምጥ አለችኝ። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የአርኤንኤ ቅንጣቶች ሃርት አታክን ከትሮፖኒን ቀድመው ያሳያሉ የሚል ጽሑፍ ላከችልኝ። "ይሄ ቢኖር ኖሮ ጋሼን ወደ ቤት አይመልሱትም ነበር" ትላለች። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው አለ? ከሌለ ደም ወደ ውጭ የሚልክ ላብራቶሪ ታውቃላችሁ? እኔና ታናሽ ወንድሜስ ከወዲሁ ብንመረመር ይጠቅመናል?

ሐምራዊ ክዳን · ከምሽቱ 3:55

እንኳን እግዜር አተረፈላችሁ። ስታዲየም አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ 11 ዓመቴ ነው።

አጭሩ መልስ የለም ነው። እህትህ ባለችበት አገርም ድንገተኛ ክፍል ገብተህ "አርኤንኤዬን እዩልኝ" ብትል የዕለት ሥራቸው አይደለም። ጽሑፉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ ነገሩ ገና ከምርምር ቤት አልወጣም። ደም መላኩን ደግሞ እርሳው። ሃርት አታክ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ናሙናው ቦሌ ሳይደርስ የልብ ጡንቻው የሚሆነውን ሆኗል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሕመሙ ስንት ሰዓት ጀመረው? ደሙስ ስንት ሰዓት ተቀዳ? የመጀመሪያው ቦታ የሰጧችሁ ወረቀት ካለህ እስቲ እየው።

ካዛንቺስ 2 · ከምሽቱ 4:02

የኮቪድ ጊዜ ለፒሲአር ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ስንጠብቅ የነበርን ሰዎች አሁን ደግሞ ለልብ ፒሲአር? ውጤቱ ለአርባው ይደርሳል 😅

ሰባ ደረጃ · ከምሽቱ 4:10

@ካዛንቺስ 2 አሳቅኸኝ፣ ለጋሼ ግን አላነብለትም።

@ሐምራዊ ክዳን ወረቀቱ እናቴ ጋ ነው፣ ነገ አየዋለሁ። የጀመረው ግን ማታ ነው፣ ብዙም ሳንቆይ ነው የወሰድነው።

የአራት ኪሎው · ከምሽቱ 4:48

አራት ኪሎ የሞለኪውል ባዮሎጂ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ርዕሱ የምወደው ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። "ከምርምር ቤት አልወጣም" ብሎ መዝጋቱ ያሳዝነኛል፣ ነገሩ በጣም የሚያምር ነው።

ወንድሜ፣ አባትህ ማተሚያ ቤት ከሠሩ ለሳቸው እንዲህ ብለህ አስረዳቸው። ዲኤንኤ ካዝና ውስጥ የተቆለፈው ዋናው ቅጂ ነው። መልእክተኛው አርኤንኤ ለማተሚያው የሚወርደው ገጽ ነው፣ ፕሮቲን የሚሠራው ከሱ ነው። ማይክሮ አርኤንኤ ደግሞ አራሚው ነው። ራሱ ምንም አያትምም፤ "ይሄ ገጽ ይቁም፣ ይሄኛው ይቀነስ" እያለ ይመልሳል። ርዝመቱ 22 ፊደል አካባቢ ብቻ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን የተገኘውም 1 ሚሊ ሜትር በምታህል ሲ. ኤለጋንስ በምትባል ትል ውስጥ ነው። ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ2024 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙበት። ለብዙ ዓመት "የትል ጉዳይ ነው" ተብሎ የተናቀ ነገር ነበር።

ሁለተኛው አስገራሚ ነገር ደም ውስጥ መቆየቱ ነው። እንዲሁ ራቁቱን ደም ውስጥ የገባ አርኤንኤን ኢንዛይሞች ወዲያው ነው የሚበሉት። በ2008 የወጡ ጥናቶች ግን ማይክሮ አርኤንኤ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ሳይነካ እንደሚቆይ አሳዩ። አንዱ ቡድን አፍልቶትም፣ ደጋግሞ አቀዝቅዞ ቢያቀልጠውም አልጠፋም። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፦ ገሚሱ ኤክሶዞም በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ይጓዛል፣ ገሚሱ አርጎኖት 2 የሚባል ፕሮቲን ታቅፎት ይሄዳል፣ ጥቂቱ ደግሞ "ጥሩው ኮሌስትሮል" በምንለው ኤችዲኤል ላይ ተጭኖ ይዞራል።

ወደ ልብ ስንመጣ፣ ማይክሮ አርኤንኤ-208ኤ የሚባለው የተቀመጠው የልብ ጡንቻን ማዮሲን በሚሠራው ጂን ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልብ ውስጥ ይሠራል፣ ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ደም ውስጥ ካገኘኸው የልብ ሕዋስ ተቀዷል ማለት ነው። በ2010 ከቻይና የወጣ ጥናት ሃርት አታክ ከያዛቸው ሰዎች 90.9 በመቶው ላይ አገኘው፤ ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ደም በሰጡት ላይ ደግሞ 100 በመቶ። ሃርት አታክ ባልያዛቸው ሰዎች ላይ ምንም አልታየም። እህትህ ያነበበችው የዚህን ዘር ይመስለኛል። በዚያ ሰዓት የነበረው ተራ ትሮፖኒን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ሰው ያመልጠው ነበር።

ዲዩቲ ላይ · ረቡዕ ከሌሊቱ 8:30

ሐኪም ነኝ፣ ውስጥ ደዌ፣ ስፔሻሊቲ በመማር ላይ። ተረኛ ስለሆንኩ በየመሀሉ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ አንድ የቋንቋ ነገር። ዜና ላይ ሃርት አታክን "የልብ ድካም" ይሉታል። የልብ ድካም ሌላ ነው፣ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲደክም ነው። ሃርት አታክ የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ነው። ሁለቱን በመቀላቀላችን ምክንያት "ልብ ድካም የለብኝም፣ ደረጃ እወጣለሁ" የሚል ሰው በየቀኑ አያለሁ።

@የአራት ኪሎው ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ታሪኩን መሀሉ ላይ አቆምከው። ያ የ2010 ጥናት ሃርት አታክ ያለባቸው 33 ሰዎች ብቻ ነበሩት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ላብራቶሪዎች 208ኤን ፈልገው ብዙ ጊዜ አጡት፤ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። ትኩረቱ ወደ 208ቢ እና 499 ዞረ። በ2012 ሃርት አታክ ያለባቸው 510 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። ሁለቱም በደንብ ከፍ ብለው ታዩ፣ በሽተኛውን ከጤነኛው ለዩ። ጎናቸው ከተቀመጠው ሃይ ሴንሲቲቪቲ ትሮፖኒን (በጣም ትንሹንም መጠን ከሚያየው) ግን አልበለጡም። በ2015 ደግሞ ደረቴን አመመኝ ብለው ድንገተኛ ክፍል የመጡ ከ1000 በላይ ሰዎች ላይ ታየ፤ ለትሮፖኒኑ የጨመሩለት ነገር አልነበረም። እኔ የማምነው ይሄን ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ጤነኛን ከሃርት አታክ መለየት አይቸግርም። የሚቸግረው ደረቱን ከያዙ አሥር ሰዎች መሀል የጨጓራውን፣ የሳንባውንና የልቡን መለየት ነው።

ደግሞ ሁሉም የልብ ብቻ አይደሉም። ማይክሮ አርኤንኤ-1 እና 133ኤ እግርና ክንድ ጡንቻ ውስጥም ሞልተዋል። ማራቶን በሮጡ ጤነኛ ሰዎች ላይ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። መስቀል አደባባይ የታላቁ ሩጫ ዕለት ደም ብትቀዳ ግማሽ ከተማው "ታማሚ" ሊወጣልህ ነው።

ተጠራሁ፣ እመለሳለሁ።

ሐምራዊ ክዳን · ረቡዕ ከጠዋቱ 1:15

ዶክተሩ ጥሩ አድርጎ ገልጾታል። እኔ ከቱቦው በኩል ልጨምር፣ ስለዚህ ማንም አይጽፍም።

የልብ ሕመምተኛ ደም ሥሩ ሲከፈትለት ሄፓሪን ይሰጠዋል፣ ደሙ እንዳይረጋ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦም ውስጡ ሄፓሪን አለው። ሄፓሪን ደግሞ ፒሲአር ላይ የሚሠራውን ኢንዛይም ያስረዋል። ስለዚህ አርኤንኤው እያለ የሌለ ይመስላል፣ ወይም ያነሰ። በየትኛው ሰው ላይ? ልንመረምረው በፈለግነው በራሱ በሽተኛ ላይ! ሄፓሪኑን የሚበላ ሌላ ኢንዛይም ጨምረህ ታስተካክለዋለህ፤ ያው አንድ ተጨማሪ ወጪና አንድ ተጨማሪ ሰዓት። ለዚህ ነው ለአርኤንኤ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሌላ ኬሚካል) ያለበት ሐምራዊ ክዳን የሚመረጠው (ስሜም ከዚያ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም)።

ቀጥሎ የደሙ መፈንዳት ነው። ቀጭን መርፌ፣ የተጣደፈ እጅ፣ ሲሪንጁን ስቦ ቱቦው ውስጥ በኃይል መግፋት። ሴንትሪፊዩጁ ሲቆም ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ የገለባ ቢጫ መሆን ሲገባው የቀይ ሥር ውኃ ይመስላል። ቀይ የደም ሕዋስ በማይክሮ አርኤንኤ-451 እና 16 የተሞላ ነው፣ ሲፈነዳ ሁሉም ይፈሳል፣ ቁጥሩ ይበላሻል። ትናንት ብቻ ሦስት እንዲህ ያለ ቱቦ መልሻለሁ። በደንብ ያልተሽከረከረ ፕላዝማ ውስጥ የሚቀሩት ፕሌትሌቶችም (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) የራሳቸውን ያራግፋሉ፣ አስፒሪን የጀመረ ሰው ፕሌትሌት ደግሞ ሌላ ነው።

ፒሲአር በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ነው የሚሄደው፤ በ30 ዙር አንዷ ከቢሊዮን በላይ ትሆናለች። የአንድ ዙር ስህተት ማለት የእጥፍ ስህተት ነው። ይሄን ለመቆጣጠር ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? ሰው ላይ የሌለ አርኤንኤ በልክ ይጨምሩበታል፣ መጨረሻ ላይ ስንቱ እንደተረፈ ያያሉ። የሚጨምሩት የማንን መሰላችሁ? የዚያችኑ የአራት ኪሎው ያላትን ትል!

የአራት ኪሎው · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:05

ሃሃ፣ ትሏ የትም አትጠፋም። እሺ፣ ሃርት አታክን ለመለየት ትሮፖኒን እንደሚሻል እጄን ሰጥቻለሁ።

ለገሃር · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:30

ይሄ ሁሉ ሳይንስ ምን ያደርጋል? ሰውየውን ወደ ቤት የመለሰውን ሆስፒታል ስም አውጣውና ሌላውም ይጠንቀቅ። የኛ ሰው ዝም እያለ ነው የሚሞተው።

ሰባ ደረጃ · ረቡዕ ቀን 6:40

@ለገሃር ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም ነድጄ ነበር። ጋሼ ግን "እኔ ቆሜ እየሄድኩ የሰው ስም አታንሳ" ብሎኛል። ደብዳቤ ለራሳቸው እጽፋለሁ።

ወረቀቱን አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ነው፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

ሕመሙ የጀመረበት፦ 3:00
የደረሰበት፦ 22:05
ናሙና የተወሰደበት፦ (ባዶ)
ትሮፖኒን፦ ኔጌቲቭ፣ ውጤቱ የወጣበት 22:50

ከዚህ በታች በሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት፣ በሌላ እስክሪብቶ፦ "ከጀመረው ከ6 ሰዓት በላይ፣ አንድ ትሮፖኒን ኔጌቲቭ፣ ወደ ቤት ይሂድ"።

6 ሰዓቱ አልገባኝም። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ብንቆይ ነው።

ዲዩቲ ላይ · ረቡዕ ቀን 7:10

ቆይ። አባትህ ስንት ሰዓት ነው የጀመራቸው?

ሰባ ደረጃ · ረቡዕ ቀን 7:14

3 ሰዓት ላይ፣ ማታ። የ2 ሰዓቱን ዜና አይተን ጨርሰን ነበር።

የድሮ ሲስተር · ረቡዕ ቀን 8:20

ልጆች፣ ከትናንት ጀምሮ እያነበብኳችሁ ነው። 34 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ ዓይኔ ስለደከመ ስጽፍ እዘገያለሁ።

የኔ ልጅ፣ ያ 3:00 በማን ሰዓት ነው? አባትህ በኛ ተናግረዋል። የጻፈው ልጅ እንደሰማው ጽፎታል። መድረሻውን ግን ከግድግዳው ሰዓት ወይ ከኮምፒውተሩ ነው የወሰደው፣ በፈረንጁ፣ 22:05። በኛ ማታ 4:05 ማለት ነው። ተረኛው ተቀይሮ ሁለተኛው ሰው ሲመጣ 3:00ን ከ22:05 ጎን ያያል። የፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 3 ነው ብሎ አነበበው፣ በኛ ቀን 9 ሰዓት። ከዚያ እስከ መድረሻው 7 ሰዓት ይሆናል። ሌሊት ነው ቢልማ 19 ሰዓት። በየትኛውም ቢያነበው ከ6 በላይ ነው። አባትህ ግን ደረታቸውን ከያዛቸው ገና አንድ ሰዓት አልፏቸው ነበር።

እኛ ስንማር "ቻርት ላይ በፈረንጅ፣ ለታማሚ በአበሻ" እየተባልን እጃችን ላይ ተመትተናል። የመድኃኒት ሰዓት በዚህ ምክንያት ሲዛባ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዲዩቲ ላይ · ረቡዕ ቀን 8:52

ሲስተር፣ እጅዎ ይባረክ። ወረቀቱን ሳነብ እኔም "7 ሰዓት" ብዬ ነበር ያሰላሁት፣ አፍሬያለሁ።

ሙሉ ቻርቱን ሳላይ ማንም ላይ መፍረድ አልፈልግም፣ ግን የሁለተኛው ሐኪም ሐሳብ በተጻፈው ላይ ሲታይ ያን ያህል እብደት አይደለም። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ክሮች ላይ የታሰረ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲሞት ነው ቀስ እያለ የሚፈሰው። በብዙ የግል ድንገተኛ ክፍል ያለው እንደ እርግዝና ምርመራ ሁለት መስመር የሚያወጣው ካሴት ነው። እሱ እስኪያይ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ከ6 ሰዓት በኋላ አንድ መስመር ብቻ ካየህ ትንሽ ልብህ ያርፋል። በአንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ መስመር ማየት ግን ምንም ማለት አይደለም። ደሙ መደገም ነበረበት፣ ኢሲጂውም እንደዚያው።

ሃይ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው በማሽን የሚሠራው ቶሎ ያያል። በ2020 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ እንደደረሰ አንድ፣ ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ሌላ ናሙና ይላል። እሱም ቢሆን ሕመሙ ከጀመረ 3 ሰዓት ባልሞላው ሰው ላይ የመጀመሪያዋን አንድ ውጤት ብቻ ይዘህ አትመልሰው ይላል። ያው ዞሮ ዞሮ መቼ ጀመረው የሚለውን ሳታውቅ የትኛውም አይሠራልህም።

የአራት ኪሎው · ረቡዕ ቀን 9:30

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ምሳዬ አልወረደልኝም። ትናንት "በ4 ሰዓት ውስጥ 100 በመቶ" ብዬ በኩራት ጻፍኩ አይደል? ያ ቁጥር የቆመው የሕመሙ መነሻ ሰዓት በትክክል ተመዝግቧል በሚለው ላይ ነው። እኔ ነገ ተነስቼ እዚሁ ከተማ ውስጥ ከድንገተኛ ክፍል ቻርት ሰብስቤ "የአርኤንኤው መጠን በየሰዓቱ" ብዬ ግራፍ ብሠራ፣ የጋሼ ነጥብ የምታርፈው ከትክክለኛ ቦታዋ 6 ሰዓት ርቃ ነው። "ይሄ ማይክሮ አርኤንኤ በ7ኛው ሰዓትም አይታይም" ብዬ እጽፋለሁ። ማሽኑ፣ ኪቱ፣ ትሏ፣ ሁሉም ልክ ሆኖ ማለት ነው።

ለመመረቂያዬ አማካሪዬ ጋ ያቀረብኩት ንድፍ ላይ "የሕመሙ መነሻ፦ ከቻርት ይወሰዳል" የሚል አንድ መስመር አለ። ዛሬ እሰርዘዋለሁ።

ጤናዎ በእጅዎ · ረቡዕ ከቀኑ 10:15

ስለ ልብዎ አይጨነቁ! የዘረመል የልብ ምርመራ በአንድ የምራቅ ናሙና፣ ሃርት አታክ ይዞዎት እንደሆነና እንደሚይዝዎት ቀድመው ይወቁ። ለዚህ መድረክ አባላት ቅናሽ አለን። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ሐምራዊ ክዳን · ረቡዕ ከቀኑ 10:31

ይሄ ደግሞ ከየት መጣ። ወገን፣ አትሳሳቱ። የዘረመል ምርመራ የሚያነበው ዲኤንኤ ነው። ዲኤንኤህ ሃርት አታክ ከመያዙ አንድ ቀን በፊትና ከያዘህ አንድ ቀን በኋላ ያው ነው፣ ስለዚህ "ይዞህ እንደሆነ" በፍጹም ሊነግርህ አይችልም። እኛ እዚህ የምናወራው ስለ አርኤንኤ ነው፣ ሕዋስ ሲቀደድ ስለሚፈሰው፣ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጠው። በምራቅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሃርት አታክ የሚያውቅ ካለ እኔ ሥራዬን ለቅቄ እሱ ጋ እቀጠራለሁ።

ካዛንቺስ 2 · ረቡዕ ከቀኑ 10:40

ቅናሹ ስንት ነው ግን 😂

ሰባ ደረጃ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲስተርን በተለይ። እናቴ አንብቤላት እጆቿን አገጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የኔና የወንድሜ ጉዳይ፣ እና አርኤንኤው ከእንግዲህ ለጋሼ ራሱ የሚጠቅመው ነገር አለ ወይ? እህቴ አልተቀበለችኝም፣ "ለወደፊቱም ያሳያል" ትላለች።

ዲዩቲ ላይ · ረቡዕ ከምሽቱ 3:05

የናንተን ልመልስ። አባትን በለጋ ዕድሜ ያዘው የሚባለው ከ55 ዓመት በፊት ሲሆን ነው፤ አባትህ 64 ናቸው። ቢሆንም ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና ኮሌስትሮላችሁን ተለኩ። ሲጋራ ካለ ተዉት። ለአርኤንኤ ያሰባችሁት ገንዘብ ለዚህ ሁሉ በቅቶ ይተርፋል።

ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመ ተልባ አትበጥብጡ። ደረት ላይ ክብደት፣ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለው ከሆነ ወዲያው ውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ መኪና ከቀረበ መኪና። ለአስፒሪን አለርጂ የሌለበትና የማይደማ ሰው አንድ አስፒሪን ያኝክ። ድንገተኛ ክፍል በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ጠይቁ። ኢሲጂው ላይ ደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ በግልጽ ከታየ ትሮፖኒን መጠበቅ የለም፣ ቀጥታ ወደ ማስከፈት ነው። ካልታየና ደሙ ኔጌቲቭ ከሆነ "መቼ ነው የሚደገመው?" በሉ። ይሄን መጠየቅ ሐኪሙን መናቅ አይደለም፤ እኔን ቢጠይቁኝ ደስ ነው የሚለኝ።

የአራት ኪሎው · ረቡዕ ከምሽቱ 3:40

የእህትህ ክርክር መሠረት አለው፣ እንደውም እኔ አሁን ነገሩ የሚያዋጣው በዚያ በኩል ነው የምለው። "አሁን ይዞታል ወይ?" የሚለውን ትሮፖኒን ይመልሳል። "ከያዘው በኋላ ልቡ ይዳከማል ወይስ ያገግማል?" የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ክብ አርኤንኤ የሚባል አለ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ተገጣጥመው ቀለበት የሆነ። አርኤንኤ የሚበሉት ብዙዎቹ ኢንዛይሞች ከጫፍ ነው የሚጀምሩት፤ ቀለበት ደግሞ ጫፍ የለውም፣ ስለዚህ ይበረክታል። በ2016 የሉክሰምበርግ ተመራማሪዎች ማይክራ ብለው የሰየሙት አንድ ክብ አርኤንኤ ሃርት አታክ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዝቅ ያለ ከሆነ በወራት ውስጥ ልባቸው የመዳከም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ቀደም ሲል በ2014 ሊፕካር የሚባል ረጅም አርኤንኤ ልባቸው ከደከመ ሰዎች መሀል የመሞት ሥጋታቸው ከፍ ያለውን ለይቶ ነበር። እዚህ ላይ የአንድ ሰዓት መዘግየት አይጎዳም፣ ናሙናው ቢላክም ይላካል። ለሐኪም ውሳኔ የሚሆን ደረጃ ላይ ግን አልደረሰም። ለጋሼ አሁን የሚጠቅማቸው የልብ አልትራሳውንድና መድኃኒታቸውን አለማቋረጥ ነው፣ በተለይ ስቴንቱ እንዳይዘጋ የተሰጣቸውን።

የድሮ ሲስተር · ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30

መድኃኒቱን ሲነግሯቸውም በኛ ሰዓት ይንገሯቸው 🙂 "ጠዋት ቁርስ በልተው" ብላችሁ።

ሰባ ደረጃ · ሐሙስ ከምሽቱ 2:55

ዛሬ ከዜና በኋላ ክሩን በሙሉ ለጋሼ አነበብኩለት። የአራሚው ምሳሌ በጣም ነው የገባው፣ "አራሚ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፣ ሁልጊዜም ይጠላል" አለ። ስለ 3:00 ስነግረው ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"እኔኮ 3 ሰዓት አላልኩም" አለኝ። "ዜናው አልቆ የአየሩ ሁኔታ ሲባል ነው አልኩት። ልጁ ነው 'አባቴ፣ በሰዓት ይንገሩኝ፣ ይሄን መጻፍ አልችልም' ያለኝ።"

ሐምራዊ ክዳን · ዓርብ ከቀኑ 11:45

በኛ ቤት የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ናሙና የተወሰደበትን ሰዓት መሙያ ቦታ አለ። በ11 ዓመቴ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ዛሬ ቆጠርኩ። ከ31 ወረቀት 4ቱ ላይ ነው የተሞላው። ከ4ቱ አንዱ "2:00" ይላል። በማን ሰዓት እንደሆነ ልጠይቅ ስደውል የጻፈችው ልጅ ሺፍቷን ጨርሳ ወጥታለች።